ደብል አይፒኤ ቢራን ቀምሶ መመዘን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያውን ጣሳ ከፍተው ፊታቸውን ካጨማደዱ ወዳጆቼ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተው ወደ አከራካሪው ይሄዳሉ።

ደብል አይፒኤ ምን ዓይነት ቢራ ነው?

አይፒኤ «ኢንዲያ ፔል ኤል» ከሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገኘ ስም ነው። ሆፕ የሚባለው ምሬትና መዓዛ ሰጪ አበባ የበዛበት፣ መራራ፣ መዓዛው ከሩቅ የሚጣራ ቢራ ነው። ደብሉ የዚሁ ቢራ ጉልበተኛ ታላቅ ወንድም ነው፤ የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። አገር ቤት የለመድናቸው ላገር ቢራዎች 5 በመቶ አካባቢ መሆናቸውን እያሰባችሁ ብትጎነጩት ይሻላል። ጣሳው ላይ «ኢምፔሪያል አይፒኤ» ተብሎ ከተጻፈም ያው እሱ ነው።

«ደብል» ሲባል ግን ሁሉም ነገር በእጥፍ ተጨምሯል ማለት አይደለም። ሆፑ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ብቅሉ ግን ያን ያህል አይጨምርም። ብዙ ጠማቂዎች ከብቅሉ ጋር ጥቂት ስኳር ይጨምሩበታል። እርሾው ስኳሩን ምንም ሳያስተርፍ ስለሚበላው አልኮሉ ከፍ ይላል፣ ቢራው ግን አይወፍርም። ስኳር ገብቶበት ይበልጥ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነቱ ያነሰ፣ የሚሆን መጠጥ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ይሁንና ጥሩውን ደብል አይፒኤ ከመካከለኛው የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ድርቀት ነው።

ስሙ ውስጥ ኢንዲያ ምን ይሠራል? ደብሉንስ ማን ጀመረው?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ቦው በሚባለው ሠፈር የነበረው የሆጅሰን ጠመቃ ቤት፣ ወደ ህንድ ለሚጓዙ መርከቦች ቢራ ያቀርብ ነበር። በ1820ዎቹ በእንግሊዝ የበርተን ከተማ ጠማቂዎች፣ በተለይ ኦልሶፕና ባስ፣ ገበያውን ነጠቁት። የበርተን የጉድጓድ ውሃ ጂፕሰም የሚባል ማዕድን ስላለበት የሆፑን ምሬት ጥርት አድርጎ ያወጣል፤ ዛሬም በሌላው ዓለም ያሉ ጠማቂዎች ውሃቸው ላይ ጂፕሰም የሚጨምሩት ያንን ለመምሰል ነው። ሆጅሰን ባሕሩን የሚሻገር አዲስ ቢራ ፈለሰፈ የሚለው ወሬ ግን ለጨዋታ ይጥማል እንጂ ልክ አይደለም። ሆፕ ቢራን ከመበላሸት እንደሚያቆይ ጠማቂዎች ከእርሱ በፊትም ያውቁ ነበር።

ደብሉ የካሊፎርኒያ ልጅ ነው። ጠማቂው ቪኒ ቺሉርዞ እ.ኤ.አ. በ1994 ቴሜኩላ ከተማ ውስጥ ብላይንድ ፒግ በተባለው ትንሽ ጠመቃ ቤት ያወጣው ቢራ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ደብል አይፒኤ ተብሎ ይጠቀሳል። ሆፑን ለምን እንዳበዛው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ለቀማሽ ትምህርት ነው፤ የጠመቃ ዕቃዎቹ አሮጌ ስለነበሩ፣ የሚመጣ ጉድለት ቢኖር ሆፑ እንዲሸፍንለት ፈልጎ ነበር። በኋላ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሮዛ በሚገኘው ረሽን ሪቨር ጠመቃ ቤት ያወጣው፣ 8 በመቶ አልኮል ያለው ፕሊኒ ዘ ኤልደር እስከ ዛሬ የዘርፉ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው የሮማው ሊቅ ስም ነው፤ ስለ ሆፕ ቀድሞ ጽፏል ስለሚባል ነው ስሙ የተሰጠው።

ሆፕ ማለት ጌሾ ነው?

በአማርኛ ሆፕን «ጌሾ» ብለው የሚጠሩት ብዙ ናቸው፤ የሥራ ድርሻቸው ስለሚመሳሰል አይፈረድባቸውም። በዘር ግን አይገናኙም። ጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ ተወቅጦ ጠላና ጠጅ ውስጥ የሚገባ ቁጥቋጦ ነው። ሆፕ ደግሞ የካናቢስ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሐረግ ሲሆን የሚፈለገው የሴቴዋ አበባ ነው። አበባዋን በጣታችሁ ፈልቅቃችሁ ብታሹት ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ዱቄት ታገኛላችሁ። ምሬቱም መዓዛውም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ለቀማሽ የሚጠቅመው ልዩነት ይህ ነው፤ ሆፕ የሚሠራው እንደገባበት ሰዓት ነው። ከብቅሉ ውሃ ጋር አንድ ሰዓት ከተንተከተከ መራራ ይሆናል፣ መዓዛው ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይበናል። ከእሳት ሊወርድ ሲል ወይም ቢራው ተብላልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ከተጨመረ ደግሞ ብዙም ሳይመር መዓዛውን ይለቃል። ስለዚህ አፍንጫ በጣም የሚያውድ ቢራ ምላስ ላይ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ከሽታው ብቻ ተነስቶ መራራነቱን መፍረድ አይቻልም።

ምን ያህል ቀዝቅዞ፣ በምን ብርጭቆ?

ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ። ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ብታስቀምጡት ይደርሳል። ጥርስ እስኪያንቀጫቅጭ የቀዘቀዘ ቢራ መዓዛውንም ጉድለቱንም ይደብቃል፤ ርካሽ ቢራ ሁልጊዜ «በጣም ቀዝቅዞ ይጠጣ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ይህን ስል «ታዲያ ብርሌስ?» ያለኝ ሰው አለ። ብርሌ መዓዛ በማጠራቀም የሚያህለው የለም፤ ችግሩ አፍንጫ ወደ ውስጥ አለመግባቱ ነው። የወይን ብርጭቆ ከየትኛውም ቤት ስለማይጠፋ እሱን ተጠቀሙ። በአሜሪካዋ የቬርሞንት ግዛት የሚጠመቀው ሄዲ ቶፐር የተባለው ደብል አይፒኤ ጣሳው ላይ «ከጣሳው ጠጡ» ብሎ ያዛል፤ ለመደሰት ከሆነ ታዘዙት፣ ለመመዘን ከሆነ ግን ቅዱት።

ስቀምስ ከምን ልጀምር?

ከአፍንጫ። ብርጭቆውን ከግማሽ በታች ሙሉት፤ የቀረው ባዶ ቦታ የመዓዛው ድርሻ ነው። አረፋው እንደተነሳ ሁለት ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርጋችሁ አሽትቱ። ረጅም ትንፋሽ መሳብ አይረዳም፣ አፍንጫ ወዲያው ይለምደዋል። ስስ የሆኑት ሽታዎች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በንነው ስለሚጠፉ፣ ልምድ ያላቸው ዳኞች ስለ መዓዛው የሚጽፉት ከመቅመሳቸው በፊት ነው።

የሸተታችሁን በራሳችሁ ቃል ጻፉት። የአሜሪካ መግለጫዎች ግሬፕፍሩት፣ ጥድና ፓሽን ፍሩት ይደጋግማሉ። የእኛ ሰው ትርንጎ፣ ዘይቱና፣ የታጨደ ቄጤማ ወይም እጣን አገኘሁ ቢል አልተሳሳተም፤ እንዲያውም እጣን ለሙጫማው የሆፕ ሽታ ከማውቃቸው ቃላት ሁሉ የተሻለው ነው። ሲትራ የሚባለው ሆፕ ለእኔ ማንጎና የሎሚ ልጣጭ ነው። ሲምኮ ጥድ ጥድ ይላል፤ ሲበዛ ደግሞ የሽንኩርት ነገር ብቅ ይልበታል። ቃሉ ከአገራችሁ ጓሮ ቢመጣ ምንም አይደለም፤ ዋናው ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳችሁ ስታነቡት ያንኑ ሽታ የሚያስታውሳችሁ መሆኑ ነው።

ከዚያ ተመልከቱት። ከወርቃማ እስከ ቀላል መዳብ የሚደርስ ቀለም፣ ቶሎ የማይጠፋ ነጭ አረፋ ትጠብቃላችሁ። ቀጥሎ ትንሽ ተጎንጭታችሁ መላ አፋችሁን እንዲነካ አዙሩትና ዋጡት። ቡና ቀማሽ ይተፋል፣ የቢራ ዳኛ ግን ይውጣል፤ ምክንያቱም የምሬቱ ዋና ክፍል የሚሰማው ከዋጡ በኋላ ነው፣ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ የሚመለሰው መዓዛም እንዲሁ። ይህን ለማረጋገጥ አፍንጫችሁን በጣት ይዛችሁ ተጎንጩ፤ መራራና ጣፋጭ ብቻ ይሰማችኋል። አፍንጫችሁን ስትለቁት ፍራፍሬው በአንድ ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን አራት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ።

በመጨረሻ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። ምላስ ላይ ምን ቀረ? ካራሜላ የመሰለ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ከቀረ፣ ወይም አልኮሉ እንደ አረቄ ደረት ካሞቀ፣ ጠማቂው አንድ ነገር ስቷል። 8 ወይም 9 በመቶ መሆኑን ከጣሳው ላይ ካላነበባችሁ በቀር መገመት የማትችሉት ደብል አይፒኤ ጥሩ ተጠምቋል።

ጣሳው ላይ ያለው የአይቢዩ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቢራው ይሻላል?

አይሻልም። አይቢዩ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም ያህል የሆፕ ምሬት እንዳለ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ለደብል አይፒኤ የተለመደው ከ60 እስከ 100 ነው። ከ100 አካባቢ በላይ የምሬቱ ንጥረ ነገር ቢራ ውስጥ መሟሟቱ ስለሚያዳግተው፣ 150 ወይም 200 ብሎ የሚፎክር ጣሳ ብዙውን ጊዜ የሚነግራችሁ በወረቀት ላይ የተሰላውን እንጂ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን አይደለም።

በዚያ ላይ ምላስ ቁጥር አያነብም። አንድ ጀበና ቡና ቀድታችሁ በአንዱ ሲኒ ስኳር ጨምሩ፣ ሌላውን ተዉት፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው መራራ ነገር እኩል ነው፣ የሚሰማችሁ ግን ይለያያል። ቢራም ላይ ከብቅሉ የተረፈው ጣፋጭ እንዲሁ ያደርጋል። መመዘን ያለበት የምሬቱ ጠባይ ነው። ጥሩ ምሬት ይመጣል፣ ራሱን ያሰማል፣ ከዚያ ቦታውን ለቆ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። ክፉው ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ምላስን ያደርቃል፣ መሄጃውንም አያውቅም።

ቢራው ደፍርሷል። ተበላሽቶ ነው?

ምናልባት ሆን ተብሎ ነው። ዛሬ ሁለት ሠፈር አለ። የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፉ ደብል አይፒኤ ጥርት ያለ፣ ደረቅና በግልጽ መራራ ነው። በቬርሞንትና በአካባቢው የተወለደው የኒው ኢንግላንዱ ደግሞ አጃና ስንዴ ስለሚገባበት፣ ሆፑም ከእሳት ከወረደ በኋላ በብዛት ስለሚጨመርበት፣ ፕሮቲኑና የሆፑ ንጥረ ነገሮች ተያይዘው ያደፈርሱታል። ጉሽ ጠላ ለጠጣ ሰው ይህ አያስደነግጥም፤ እኔም ለአገሬ ሰው ሳስረዳ «ጉሽ አይፒኤ» ነው የምለው። እንደ ጭማቂ የለሰለሰ፣ ምሬቱ ገራም ሲሆን ደንቡን ጠብቋል።

ጥፋት የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ጥርት ብሎ መምጣት የነበረበት ዓይነት ደፍርሶ ሲመጣ፣ ቅንጣት እየተንሳፈፈ የሆፑ ብናኝ ጉሮሮ ሲያቃጥል፣ ወይም ብጫ መሆን የነበረበት ጉሹ ቢራ ወደ ግራጫና ቡኒ ሲያደላ። የመጨረሻው አየር እንደገባበት የሚናገር ምልክት ነው፤ ሳትቀምሱትም ልታውቁት ትችላላችሁ።

የተመረተበትን ቀን ማየት ያን ያህል አስፈላጊ ነው?

ለዚህ ቢራ ከስሙና ከዋጋው ይቀድማል። የሆፕ መዓዛ ከታሸገበት ቀን ጀምሮ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ደብል አይፒኤ እንደ ወይን ተቀምጦ የሚያምርለት መጠጥ አይደለም። እኔ ከሁለት ወር ያለፈውን አልገዛም፣ መደርደሪያው ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሆነ ደግሞ አንድ ወርም ይበዛብኛል። በቢራ ሰዎች ዘንድ የሚነገር አንድ ግምታዊ ስሌት አለ፤ ቢራን በ32 ዲግሪ ሙቀት 3 ቀን ማቆየት፣ በ22 ዲግሪ 30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ ደግሞ 300 ቀን ከማቆየት ጋር የሚመጣጠን እርጅና ያመጣል ይላል። ልኩ ከቢራ ቢራ ቢለያይም በበጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ካርቶን ምን እንደሚደርስበት ለመገመት ይበቃል።

አንዳንድ ጠማቂዎች ቀኑን የሚጽፉት ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምረው በመቁጠር ነው፤ 045 የሚል ካያችሁ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 14 የታሸገ ነው። እኔ ራሴ ከካሊፎርኒያ ያመጣሁትን አንድ ጠርሙስ «ለደስታ ቀን» ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ዘጠኝ ወር አቆይቼዋለሁ። የደስታው ቀን ሲመጣ እርጥብ ካርቶን ላይ ማር የፈሰሰበት ጠጣን። እንግዳዬ ጨዋ ስለነበር እስከ መጨረሻው ጨረሰው።

ከወጥ ጋር ይሄዳል?

ከቀይ ወጥ ጋር አትሞክሩት። አልኮልም ምሬትም የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳሉ፤ ዶሮ ወጥ ላይ ደብል አይፒኤ ማፍሰስ እሳት ላይ ቅቤ እንደ መጨመር ነው። ለዶሮ ወጥ ጠጅ ወይም ቀላል ላገር ይሻላል። ጮማ ያለበት የፍየል ጥብስ፣ ሚጥሚጣው ለብቻ ተቀምጦ፣ ግን ይስማማዋል፤ ምሬቱ ስቡን ከምላስ ያጥባል። የቆየ ቼዳር አይብም እንዲሁ። ለመመዘን ስትቀምሱ ከሆነ ግን ምንም ምግብ አይቅረብ።

ከስንት ብርጭቆ በኋላ ነው ምላሴን ማመን የማልችለው?

ከምትገምቱት ቀድሞ ነው። ምሬት በምላስ ላይ ይደራረባል፤ አራተኛው ቢራ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳን የተለየ ይመስላችኋል። ስለዚህ ስትቀምሱ ቀላሉንና ገራሙን አስቀድሙ፣ በመካከል ውሃና ምንም ያልተቀባ ዳቦ ውሰዱ፣ በአንድ ቁጭታ ከአምስት ወይም ከስድስት ናሙና አትለፉ። ናሙና ስል አንድ የቡና ሲኒ ያህል ማለቴ ነው።

ሒሳቡንም አትርሱ። 473 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ትልቁ የአሜሪካ ጣሳ በ8 በመቶ ሲሰላ 38 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ደግሞ 16.5 ሚሊ ሊትር። አንዱ ጣሳ ከሁለት ጠርሙስ ይበልጣል ማለት ነው። የመኪና ቁልፍ ለሌላ ሰው ይሰጥ።

ዳኞች ነጥቡን እንዴት ነው የሚሰጡት?

በቤት ጠማቂዎች ውድድር በብዛት የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው፣ ቢጄሲፒ ተብሎ የሚጠራው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም ያዘጋጀው ቅጽ ነው። ከ50 ይታረማል፤ መዓዛ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ የአፍ ስሜት 5፣ አጠቃላይ ግምገማ 10። መልክ 3 ብቻ መሆኑን አስተውሉ፤ ፎቶው ያማረ ቢራ በዚህ ሚዛን ብዙም አያተርፍም። ከ45 እስከ 50 እጅግ ብርቅ ነው፣ ከ38 እስከ 44 ግሩም፣ ከ30 እስከ 37 በጣም ጥሩ፣ ከ21 እስከ 29 ጥሩ ሆኖ ጉድለት ያለበት፤ ከ14 በታች የወረደው ደግሞ ለመጠጣት የሚያስቸግር ነው።

ዳኛው የሚያውቀው የናሙናውን ቁጥርና የተመዘገበበትን ዓይነት ብቻ ነው። ማን ጠመቀው፣ ስንት ብር ያወጣል፣ ጣሳው ምን ይመስላል፣ ይህ ሁሉ ከጠረጴዛው ውጭ ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ዳኞች አብረው ተቀምጠው በየግላቸው ጽፈው ሲጨርሱ ብቻ ይነጋገራሉ፤ ነጥባቸው በጣም ከተራራቀ ተከራክረው ያቀራርቡታል። ይህ ዝምታ ዋጋ አለው። አንድ ሰው ቀድሞ «ቅቤ ይሸታል» ካለ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ቅቤ ይሸተዋል።

ከነጥቡ ይልቅ ጠማቂውን የሚጠቅመው አስተያየቱ ነው። «ጥሩ ነው፣ ወድጄዋለሁ» ብሎ የሚጽፍ ዳኛ ምንም አልጻፈም። «መዓዛው የበሰለ ማንጎ፣ መካከለኛ ኃይል፤ አጨራረሱ ጣፋጭ ስለሆነ ምሬቱን አፍኖታል» የሚለው ግን በሚቀጥለው ጠመቃ ምን መስተካከል እንዳለበት ይነግራል። እንደ ወርልድ ቢር ከፕ ያሉት የባለሙያዎች ውድድሮች ደግሞ በድምር ነጥብ ፋንታ ዙር በዙር እያጣሩ፣ ዳኞቹ ተስማምተው ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ይሰጣሉ።

የተበላሸውን በምን አውቀዋለሁ?

በዚህ ቢራ ላይ አንደኛው ጠላት ኦክስጅን ነው። መጀመሪያ የሆፑ መዓዛ ይደክማል፤ ቀጥሎ ማር፣ ደረቅ ዘቢብ፣ በመጨረሻም እርጥብ ካርቶን ይመጣል። ጀማሪ ቀማሾች የማሩን ደረጃ «ብቅሉ ደስ ይላል» ብለው ያልፉታል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ሳደርግ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከአንድ ጠማቂ ሁለት ጣሳ ግዙ፣ አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሌላውን ኩሽና ውስጥ ሦስት ሳምንት አስቀምጣችሁ ጎን ለጎን ቅመሱ። ከዚያ በኋላ ማሩ አያታልላችሁም።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ፀሐይ በአረንጓዴ ወይም ነጭ ጠርሙስ አልፋ የሆፑን ምሬት ስትመታው በደቂቃዎች ውስጥ እስከንክ የሚባለው የአሜሪካ አውሬ የሚረጨውን የመሰለ ክርፋት ይፈጠራል። ያላችሁበት አገር እስከንክ ከሌለ የተቃጠለ ጎማ አስቡ። ቡናማ ጠርሙስ ብዙውን ይከላከላል፣ ጣሳ ሙሉ በሙሉ።

የቀሩት ቶሎ ይታወቃሉ። ቅቅል በቆሎ ከሸተተ ብቅሉ በደንብ አልተንተከተከም፤ ያልበሰለ ፖም ከሆነ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቋርጧል። የቆየ አይብ ወይም ያደረ ካልሲ የሚሸት ከሆነ ሆፑ ራሱ አርጅቶ ነበር። አረቄ አረቄ የሚል፣ ጉሮሮ የሚለበልብ አልኮል የሚመጣው ብዙውን ጊዜ እርሾው በጣም ሞቆት ሲሠራ ነው። ከባዱ ነገር እነዚህን ሆፑ ደራርቦ ሊሸፍናቸው መቻሉ ነው፤ የቺሉርዞ አሮጌ ዕቃ ታሪክ ለቀማሽ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ቢራው ብርጭቆ ውስጥ ሲሞቅ እንደገና አሽትቱት፤ የተደበቀው ያን ጊዜ ይወጣል።

ቀኑ ትኩስ ነው፣ ግን ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ጠማቂው ደግሞ ሲታሸግ ንጹሕ ነበር ይላል። ማን ነው ልክ?

ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የቅቤው ሽታ ዳያሲቲል የሚባል ነገር ነው፤ እርሾ ሲሠራ ይፈጥረዋል፣ ጊዜ ከተሰጠው ደግሞ መልሶ ያጸዳዋል። ደብል አይፒኤ ላይ ግን አንድ ተንኮል አለ። ሆፕ በተፈጥሮው ስታርች የሚሰብሩ ኢንዛይሞች ጥቂት ይዟል። ቢራው ተብላልቶ ካበቃ በኋላ ብዙ ሆፕ ሲጨመርበት፣ እነዚህ ኢንዛይሞች እርሾው ሊበላው ያልቻለውን ወደ ስኳር ይለውጡለታል፤ የተኛው እርሾ ይነቃል፣ እንደገና መሥራት ይጀምራል፣ እንደገናም ወደ ቅቤ የሚለወጠውን ነገር ይረጫል።

ጠማቂው በዚህ መካከል ፈትኖ «ንጹሕ ነው» ብሎ ካሸገው፣ ቅቤው የሚወጣው ጣሳው ውስጥ ነው። የሚጠነቀቁት ጠማቂዎች ከሆፑ በኋላ ቀናት ይጠብቃሉ፣ ናሙናውን አሙቀውም ያሸቱታል። እናንተ እንደ ቀማሽ የጠማቂውን ሰበብ የመመርመር ግዴታ የለባችሁም፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ጻፉ። ለቅቤ ሽታ አፍንጫቸው በተፈጥሮ የማይሰማ ሰዎች አሉና፣ ባልንጀራችሁ «ምንም አልሸተተኝም» ቢል አትጣሉት።

እኔ ያልወደድኩት ቢራ እንዴት 42 ያገኛል?

ምክንያቱም ዳኛው የሚጠየቀው «ወደድከው ወይ?» ተብሎ አይደለም፤ «ነኝ የሚለውን ሆኗል ወይ?» ተብሎ ነው። እኔ በግሌ ጉሹን ዓይነት ብዙም አልመኘውም፤ ሦስት ጉንጭ ከጠጣሁ በኋላ ቁርስ የበላሁ ያህል ይከብደኛል። ያም ሆኖ 40 የሰጠሁት ጉሽ ቢራ አለ፤ ለስላሳነቱም፣ የኮክና የማንጎው መዓዛም፣ የምሬቱ ልክም ከደንቡ ዝንፍ አላለም ነበርና። መውደድና መመዘን ሁለት የተለያዩ ወንበሮች ናቸው፤ በአንዱ ላይ ተቀምጦ በሌላው መፍረድ ነው ስህተቱ።

በድረ ገጽ ላይ ተራው ጠጪ የሚሰጠው ነጥብ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ብርቅነት ዋጋ አለው። የፕሊኒ ታናሽ የሆነውን ፕሊኒ ዘ ያንገርን ለመቅመስ በየዓመቱ ሰው ሳንታ ሮዛ ላይ ለሰዓታት ይሰለፋል፤ አራት ሰዓት የቆመ ሰው «መካከለኛ ነው» ብሎ ሲጽፍ አላየሁም። ቢራው ግሩም መሆኑን እኔም አልክድም። ግን የሰልፉን ርዝመትና የቢራውን ጥራት ለይቶ ማንበብ የአንባቢው ሥራ ነው።

ከትሪፕል አይፒኤና ከባርሊ ዋይን በምን ይለያል?

ትሪፕል የሚባለው ከ10 በመቶ ከፍ ያለው ነው፤ ድንበሩን የሚወስነው ከሕግ ይልቅ ልማድ ነው። የሚያስቸግረው ባርሊ ዋይን ነው። በአልኮልም በምሬትም ከደብል አይፒኤ ጋር ይደራረባል፤ የአሜሪካው ባርሊ ዋይን ከ8 እስከ 12 በመቶ ይሄዳል፣ ሆፕም አያንሰውም። ልዩነቱ ብርጭቆውን የሚገዛው ማን እንደሆነ ላይ ነው። ባርሊ ዋይን ውስጥ ብቅሉ ነው ጌታው፤ ወፍራም፣ የተጠበሰ ዳቦና ካራሜላ ያለበት፣ ዓመታት ቢቆይ የሚያምርለት። ደብል አይፒኤ ውስጥ ብቅሉ ወንበር አቅርቦ ዞር ይላል።

አንድ በትርፍ ጊዜው የሚጠምቅ ወዳጄ ሁለቱን መለየት ስላቃተው፣ ከአንድ በርሜል የቀዳውን ቢራ በሁለቱም ዘርፍ አስመዘገበው። በደብል አይፒኤ ጠረጴዛ 27 አገኘ፤ አስተያየቱ «ከባድ፣ ጣፋጭ፣ ሆፑ የተዋጠ» የሚል ነበር። በባርሊ ዋይኑ ጠረጴዛ 36 ተሰጠው፤ «ገና ወጣት ነው፣ አንድ ዓመት አቆየው» ብለው ጽፈውለታል።